ደበሎ ለብሶ ወደ ዱር

ማለዳ ነው። ጉና ገና ጉም ለብሷል፤ ከሥሩ ባሉት የገብስ ማሳዎች ላይ የሌሊቱ ውርጭ አልረገፈም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ከተደረደሩት የሣር ጎጆዎች ከአንዱ አንድ የቅኔ ተማሪ ይወጣል። ልጅ እግር ነው። ደበሎውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተከናንቧል፤ እግሩ ባዶ ነው። ጓደኞቹ ደጅ ቆመው ያወራሉ፤ እሱ አያያቸውም። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለውም። በጥዱ ሥር ያልፋል፣ ወይራው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ተመልሶ ይሄዳል። ጣቱን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ደኅና አደርህ ቢሉት ላይመልስ ይችላል፤ የሚቀየመው ግን የለም። ቅኔ እየቆጠረ ነው።

ቅኔ ቆጠራ የሚባለው ይህ ነው። መምህሩ መንገዱን ያሳያሉ፣ አገባቡን ያስረዳሉ፤ ቅኔውን ግን ተማሪው ብቻውን ሄዶ ያመጣዋል። የሚያመጣውም ከዱር ነው። የጎጃሙም፣ የዋድላውም፣ የበጌምድሩም ጉባኤ በዚህ አይለያዩም፤ ተማሪ ለቆጠራ ከሰው ይርቃል፣ የዛፍ ጥግ ወይም የገደል አፋፍ ይፈልጋል፣ ራሱን ይሸፍናል። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄም ከዚያው ይነሣል። ግጥም ሰውን ከራሱ በላይ ወዳለው የሚያደርስበት መንገድ በእኛ አገር ስለምን በጫካና በተራራ ያልፋል? ያ መንገድስ ዛሬ ከምን ደርሷል?

ቦታውን ጉና ዙሪያ ያደረግሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔምና ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አባ ሁለቱም በደቡብ ጎንደር ናቸው። ከጉና በስተምዕራብ ያለችው ከተማ ደግሞ ስሟን የወረሰችው ሐዋርያት ብርሃን ካዩበት ተራራ ነው። ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የደብረ ታቦር በዓል ሕዝቡ ቡሄ የሚለው፣ ሕፃናት ጅራፍ የሚያጮኹበትና ሙልሙል የሚቀበሉበት ቀን ነው፤ በአብነት ትምህርት ቤት ግን የተማሪው በዓል ነው። ተማሪው ከመንደር እህል ለምኖ፣ ጠላ ጠምቆ፣ ዳቦ ጋግሮ ያከብረዋል። የራሱ ታሪክ ነውና። መምህር ሦስት ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወደ ተራራ ወጣ፤ እነሱም በዚያ የማይቻል ነገር አዩ። ጴጥሮስ እዚያው ሦስት ዳስ ሠርቶ ለመቅረት ቃጣው። አልቀሩም፣ ወረዱ። ይህ መውረድ በእኛ የቅኔ ሥርዓት ውስጥ ያለውን ቦታ ከታች እመለስበታለሁ።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ። ሰው ከራሱ በላይ ወዳለው የሚደርስበትን ሁኔታ አማርኛ «ተመስጦ» ይለዋል። ሥሩ የግዕዙ «መሠጠ» ነው፤ ነጠቀ ማለት ነው። ነጣቂው ተኩላ በግዕዙ መጽሐፍ የሚጠራው በዚሁ ግሥ ነው። እንግዲህ ተመሰጠ ማለት ተነጠቀ፣ አውሬ ከመንጋ መካከል አንዷን በግ እንደሚወስድ ተወሰደ ማለት ነው። «ቅኔ» ራሱ ከ«ቀነየ» ይወጣል፤ ገዛ፣ አስገበረ ማለት ነው፤ ቅኔም መገዛት፣ ማገልገል ይሆናል። ባለቅኔው በጉባኤ ወይም በማሕሌት መካከል ቅኔውን ሲያቀርብ ደግሞ «ዘረፈ» ይባላል። የተነጠቀ፣ የተገዛ፣ የዘረፈ። ሦስቱም የጉልበት ቃላት ናቸው፣ ልስላሴ የላቸውም። ይህን ስም ያወጡ አባቶች ነብር በሚያገሣበት አገር የኖሩ፣ ወደ ዱር መግባት ምን እንደሚያስከፍል የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በዛሬው አማርኛ ተመስጦ ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሙዚቃ ለማዳመጥ እንኳ ይነገራል። ቃሉ ጥርሱን አጥቷል፤ እኔ ያንን ጥርስ መልሼ ማየት እፈልጋለሁ።

ጥርሱ ከሁሉ በላይ የሚታየው በቅዱስ ያሬድ ታሪክ ነው። የዜማው አባት በ6ኛው መቶ ዘመን በአክሱም ንጉሥ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም፣ ንጉሡ የተደገፈው ጦር በያሬድ እግር ላይ ተተከለ። ደም ፈሰሰ። ያሬድም አልተሰማውም፣ ንጉሡም አላየም፤ ያወቁት ዜማው ካለቀ በኋላ ነው። ንጉሡ ደንግጦ የደምህን ዋጋ ጠይቀኝ አለው። የያሬድ መልስ የዚህ ጽሑፍ ሁሉ መነሻ ነው፤ ወርቅም ሹመትም አልጠየቀም፣ ወደ ዱር እንድሄድ አሰናብተኝ አለ። ከዚያም ወደ ሰሜን ተራሮች፣ ወደ ጸለምት ሄደ፤ መቃብሩም አልታወቀም። ትውፊቱ በቤተ መንግሥት አልጨረሰውም። ዜማው ሥጋውን ካስረሳው በኋላ የሚቀረው ቦታ ከከተማ ውጭ ያለው ብቻ ነበር።

የዜማው መጀመሪያም ያው ዱር ነው። ያሬድ በልጅነቱ ትምህርት እምቢ ብሎት፣ ተቀጥቶ ሲሸሽ ከአንድ ዛፍ ሥር ተጠለለ። አንድ ትል ግንዱን ልትወጣ ስትሞክር፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትሞክር አየ። በመጨረሻ ወጣች። እሱም ወደ መምህሩ ተመለሰ። ኋላ ደግሞ ከኤዶም ገነት የተላኩ ሦስት ወፎች ግዕዝን፣ ዕዝልንና አራራይን አሰሙት ይላል ገድሉ። በአንድ ሰው ሕይወት ትል፣ ወፍና ተራራ እንዲህ ተደራጅተው የሚያስተምሩበት ሌላ የጥበብ ታሪክ ብዙ አላውቅም። ልብ በሉ፤ ትሏን አይቶ ዛፍ ሥር አልቀረም። ወደ መምህሩ ተመለሰ።

ይህ መሄድና መመለስ በቅኔ ቤት የየዕለት ሥራ ነው። ተማሪው ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ፣ ዋዜማ እያለ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይወጣል፤ ሁሉን ሲችል «ሙሉ ቤት» ይባላል። ሕጉ ጥብቅ ነው። ቀለሙ ይቆጠራል፣ ቤቱ ይመታል፣ ዜማው ይገጥማል፣ ሰዋስዉ አይሰበርም። ይህን ሁሉ ተማሪው በልቡ ይይዛል፤ ወረቀት የለውም። ከዱር ሲመለስ ያመጣውን ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ዐይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። አንድ ቃል ያነሣሉ፣ አንድ ቃል ይተክላሉ፤ አንዳንዴም ሙሉውን ይጥሉትና ሂድ ደግመህ ቁጠር ይላሉ። ተማሪው በዛፉ ሥር ሰማይ የተከፈተለት መስሎት ሊሆን ይችላል። ጉባኤው ግን የሚጠይቀው የተከፈተለትን ሰማይ ሳይሆን ቅኔውን ነው፤ አገባቡ ከተሳተ ሰማዩም አይቆጠርለትም።

የትውፊታችን ትልቁ ጥበብ እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ብቻህን ውጣ፣ ተነጠቅ፤ ከዚያ ና ሰው ፊት ቁም፣ ተመርመር። ዱር ያለ ጉባኤ ዕብደት ይሆናል፣ ጉባኤም ያለ ዱር ሰዋስው ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የቅኔ ቤት የሙያ ቃላትም የሚመሰክሩት ይህንኑ ነው። ምሥጢሩ ከላይ በማይታይ መንገድ የተሸሸገ ቅኔ «ውስጠ ወይራ» ይባላል፤ ላዩ ሌላ ውስጡ ሌላ ከሆነው ከወይራ ግንድ የተወሰደ ስም ነው። ይህን ስም ያወጣ ሰው መጥረቢያ ይዞ ወይራ የፈለጠ ወይም ሲፈለጥ አጠገቡ የቆመ መሆን አለበት። «ሰምና ወርቅ» ደግሞ የአንጥረኛ ቃል ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ እሳት ላይ ያኖረዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። ሁሉም ስለ ወርቁ ይናገራል። እኔ ስለ ሰሙ መጠየቅ እወዳለሁ። ሰሙ ከየት መጣ? ከቀፎ። ንቧስ? ከግራሩ፣ ከኮሶው፣ ከብሳናው አበባ። ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ባለቅኔ ሰም የሚያደርገው በዐይኑ ያየውን ነው፦ የበሬና ቀንበሩን፣ የንሥርና ጫጩቶቹን፣ ምንጭና ገደሉን። ወርቁ ሰማያዊ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ሰሙ ግን ሁልጊዜ ከምድር ይቆረጣል።

ሌላም ሕግ አለ። ቅኔ አይደገምም። ለዛሬው ማሕሌት የተዘረፈ ቅኔ ለዛሬ ነው፤ ለነገው በዓል ነገ አዲስ ይቆጠራል። ከትናንቱ ቆንጆ ቢሆን እንኳ የትናንቱን አምጥቶ ማቅረብ ነውር ነው። ስለዚህ ወደ ዱሩ መሄድ በየዕለቱ ይታደሳል። ስንት ሺህ ቅኔ በደብረ ታቦር ኢየሱስ፣ በጋይንትና በእስቴ አድባራት ተዘርፎ፣ አንድ ጊዜ ተሰምቶ፣ ወደ አየር ሄደ! ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል፤ ግን ሥርዓቱ ያወቀበት ይመስለኛል። የሚቀመጥ ቅኔ ባለቅኔውን ዱር ከመሄድ ያሳርፈዋል።

ይህን ሕይወት ከውስጥ ሆነው ከነገሩን ሁለት ሥራዎችን ላንሣ። መንግሥቱ ለማ የአባቱን ቃል ተቀብሎ በ1959 ዓ.ም. ያሳተመው «መጽሐፈ ትዝታ» አለቃ ለማ ኃይሉ ከጉባኤ ጉባኤ የዞሩበትን የተማሪነት ዘመን ያስተርካል። ረኀቡ፣ አኩፋዳው፣ የመንደሩ ውሻ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ ደጅ መቆሙ ሁሉ ከቅኔው ጋር አብሮ ይገባል። አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉትን ደግሞ ይኸው መንግሥቱ ለማ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በ1970 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ዘመናዊ ገጣሚ የነበረው መንግሥቱ በሁለቱም መካከል መገኘቱ ያስደስተኛል፤ ከጫካው ወደ ማተሚያ ቤት ድልድይ ከሠሩት ጥቂቶች አንዱ ነበርና።

ወደ ዱሩ የሚወስድ አቋራጭም ተሞክሯል። አብሾ የሚባለው መጠጥ በቅኔ ተማሪዎች ዘንድ ስሙ የታወቀ ነው፤ አእምሮ ይከፍታል፣ የሰሙትን ያስይዛል ተብሎ ከዕፅ ተቀምሞ ይጠጣል። ያበደበትና ዕድሜ ልኩን የተጎዳበትም ታሪክ አብሮ ይነገራል፤ ስካር የሚያስፈነጥዘውን ሰው «አብሾ አለበት» የምንለው ከዚያ ነው። የዕፅ ዕውቀት ክብር ይገባዋል። ነገር ግን ታላላቆቹ መምህራን በተማሪው ላይ የሚሹት ዝምታን፣ ብርድንና ትዕግሥትን ነው፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። በዕፅ የተከፈተ በር ከውስጥ የሚዘጋ አይመስለኝም።

ከጉና ምንጮች የሚነሡት ርብና ጉማራ በፎገራ ሜዳ አልፈው ጣና ይገባሉ። ከዚያው ከፎገራ የተገኙት አለቃ ገብረ ሐና በቀልዳቸው ይታወቃሉ፤ ሕዝቡ ስማቸውን ሲሰማ ለመሳቅ ይዘጋጃል። ሊቅነታቸው ግን ከቀልዱ ይልቃል። «ተክሌ» የሚባለው የአቋቋም ስልት የእሳቸው ነው፤ በልጃቸው በተክሌ ስም ተጠራ። ትውፊቱ እንደሚለው ዝማሜውን ያገኙት የጣናን ሞገድና በነፋስ የሚወዛወዘውን ሸምበቆ ተመልክተው ነው። ሞገዱ ይመጣል፣ ይመለሳል፤ ሸምበቆው ይዘነበላል፣ ይቀናል። መቋሚያ የያዘው ደብተራ ትከሻ ያንን ንቅናቄ ወሰደ። የጎንደር ሊቃውንት መጀመሪያ አልተቀበሉትም፤ ስልቱ ሥር የያዘው ደብረ ታቦር ላይ በልጃቸው አማካይነት ነው ይባላል። ዛሬ ተክሌን የሚቆም ማኅበር በየአገሩ አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በሲሚንቶ ወለል ላይ መቋሚያቸውን ሲያነሡ የሚታየው እንቅስቃሴ የሐይቅ እንቅስቃሴ ነው፤ ከሚያሸበሽቡት ስንቶቹ ጣናን በዐይናቸው እንዳዩ መጠየቅ ያምረኛል።

ቅኔውን ትቶ ዱሩን ብቻ የመረጠ ሌላ ወገን አለ፤ ባሕታዊው። ከገድላት ሁሉ ዱርን አጥብቆ የያዘው የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድል ነው። ልብሳቸው ጠጉራቸው ነበር፣ ጓደኞቻቸው 60 አንበሶችና 60 ነብሮች ነበሩ፤ በድርቅ የተጠማች ወፍ ከዐይናቸው ዕንባ ጠጣች። ሥዕላቸውን በየቤቱ እናውቀዋለን። መልክአቸውን የሚደግም ሰው ግን ይህ ሥዕል ምን ያህል የግጥም ምንጭ እንደሆነ አያስተውለውም። ሰው አውሬውን አልገደለም፣ አላላመደምም፤ አብሮት ኖረ። ወፏም ለጥሟ ምንጭ ያገኘችው ለዓለም ከሚያለቅስ ዐይን ነው። ከዚህ የሚበልጥ የቅኔ ሰም እስካሁን አላነበብሁም።

ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ያለው የአማርኛ ቃል ግጥምም ዱርን ያውቃል፤ ግን በሌላ ፊቱ። በመጀመሪያ እረኛው አለ። ነገሥታት ጠዋት ተነሥተው «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር ይባላል። በመንደር የማይሰማ ነገር በመስክ ይሰማል፣ ከብት የሚጠብቅ ልጅ አፉ ላይ የመጣውን ሲያዜም የሚመጣውን ዘመን ሊናገር ይችላል የሚል እምነት ነበር። ይህ ተረት ብቻ ሆኖ አይታየኝም። ሙሉ ቀን ከከብትና ከነፋስ ጋር የዋለ ልጅ ከሰው ወሬ የነጻ ነው። ዋሽንቱን ከሸምበቆ ቆርጦ ይበሳዋል፤ ከአራቱ ቅኝቶቻችን አንዱ ስሙን የወሰደው ከተራራ፣ ከአምባሰል ነው። ከክምር ድንጋይ ወይም ከጋሳይ በላይ ባለው ሽቅብ የሚሰማ ዋሽንት ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ጉሙ ይዞት ይዞራል።

ሁለተኛው ፊት ቀረርቶና ፉከራ ነው። «ዱር ቤቴ» ያለ ሰው በደልን አልቀበልም ብሎ ከሕግ በላይ፣ ከመንደር ውጭ የወጣ ነው። ካሳ ኃይሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ከመሆናቸው በፊት በቋራ ቆላ እንዲህ ኖረዋል፤ ኋላም ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ፣ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲሄዱ አቃጠሏት። የቀረርቶው ዱር ሰውን ወደ ክብር ያወጣዋል፣ ሞትን ያስንቀዋል። ያም አንድ ዓይነት ከራስ በላይ መውጣት ነው። ነገር ግን ከቅኔው ዱር የሚለየው መመለሻ ስለሌለው ነው። ሽፍታው ወይ ነጋሢ ይሆናል ወይ ይሞታል። በዚህ ዘመን የአካባቢው ሰው «ጫካ» የሚለውን ቃል ሲሰማ ልቡ የሚሄደው ወደዚህኛው ፊት መሆኑ ያሳዝነኛል። ከቅኔ ተማሪው እጅ ቃሉ ተነጥቋል።

ከሩቅ አገር ገጣሚዎች ጋር ማነጻጸሩ አጭር ይሁን። ጃፓናዊው ባሾ በ1689 እ.ኤ.አ. ወደ ሰሜን በእግሩ ተጉዞ መንገዱን በግጥም ዘገበ። እንግሊዛዊው ዎርድስዎርዝ በሌሊት ተራራ ሲወጣ ጨረቃ ከጉም በላይ ስትበራ ማየቱን የሕይወቱ ትልቅ መገለጥ አድርጎ ጻፈ። ሁለቱም ያዩትን በዝርዝር ይስላሉ፤ ተፈጥሮ በፊታቸው ያለ ነገር ናት። የእኛ ተማሪ በተቃራኒው ወደ ዱር ገብቶ ራሱን ይከናነባል። መልክዐ ምድሩን ሊያይ አልሄደም። ዛፉ የሚፈለገው ለጥላው፣ ለዝምታው፣ ከሰው ለመሸሸጊያ ነው፤ ምስሉ ቀድሞ ልቡ ውስጥ አለ። የእኛን ቅኔ በእነሱ ሚዛን የለካ ተቺ «የተፈጥሮ ግጥም የለንም» ይላል። አለን፤ ከውስጥ ስለሆነ አይታይም።

ወደ ጽሑፍ ስንመጣ ነገሩ ይቀየራል። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ«እሳት ወይ አበባ» ዘመን፣ በ1966 ዓ.ም.፣ ተፈጥሮን በታላቅ ድምፅ ጠራ፤ ዓባይን የሥልጣኔ እናት አድርጎ አነጋገረው። ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ«አገሬ» የአገሩን አየርና ውሃ በናፍቆት ዘረዘረ፤ ሰዓሊ ነበርና ቀለሙ ይታያል፤ ግጥሞቹ «መንገድ ስጡኝ ሰፊ» ተብለው በመጽሐፍ የወጡት በስደት ካረፈ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ። ግን እውነቱን መናገር አለብኝ፤ በዘመናዊው ግጥማችን ተራራና ወንዝ በአብዛኛው የአገር ምልክት ሆነዋል። ገጣሚው ዓባይ ዳር የሚቆመው ኢትዮጵያን ለማየት ነው። አገርን መውደድ ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ተራራውን ባንዲራ ያደረገ ግጥም ተራራው ላይ አይወጣም። ተራራ ባንዲራ ከሆነ በኋላ አይነጥቅም።

ሰሎሞን ደሬሳ በሌላ በር የገባ ይመስለኛል። በ1963 ዓ.ም. «ልጅነት»ን ይዞ ሲመጣ በቤት መምታት ያደገው አንባቢ ተቆጣ፤ ኋላም በአሜሪካ ኖሮ ያሳተመውን «ዘበት እልፊቱ» ግጥም ሳይል «ወለሎታት» አለው። ብቻውን የሚቀመጥ፣ ዝም የሚል፣ ከዝምታው ትንሽ ይዞ የሚመለስ ሰው ድምፅ ነው። ከቅኔ ተማሪው ጋር የሚያገናኘው ቅርጹ ሳይሆን ያ መራቅ ነው። የጎደለው ጉባኤው ነው። ዛሬ ዘመናዊ ገጣሚ የቆጠረውን ይዞ ሲመለስ ዐይናቸውን ጨፍነው የሚሰሙ መምህር የሉትም፤ የሚጠብቀው ጭብጨባ ነው። ግጥም በጃዝ ምሽቶቻችን ሰውን ማሰባሰባቸው መልካም ሆኖ፣ ሂድ ደግመህ ቁጠር የሚል ድምፅ ግን አልሰማሁባቸውም።

ዱሩስ ራሱ አለ ወይ? ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ሰው ዓለም ሳጋን ያልፋል፤ ከአዲስ ዘመን ጥግ ጣራ ገዳም ቆሟል። ከእነዚህ ሌላ የደቡብ ጎንደር ደን ማለት በእርሻ ባሕር መካከል እንደ ደሴት የቀሩት የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ናቸው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚህ አካባቢ በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደን ውስጥ ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች ተመዝግበዋል። እኚሁ ሰው «እመጓ»ንና «ዝጎራ»ን የጻፉ ደራሲ መሆናቸው ያጋጣሚ አይመስለኝም፤ ዛፍ የቆጠረ ሰው ነው ገዳማትን በልብ ወለድ ያስጎበኘን። ጣሊያኖች በ1938 እ.ኤ.አ. ከአውሮፕላን ያነሷቸው ፎቶዎች ከቅርቡ ጋር ሲተያዩ፣ አብዛኞቹ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በቦታቸው ቆይተዋል። የጠፋው በዙሪያቸው የነበረው ቁጥቋጦና ዛፍ ነው። ደኑ ከዱር ጋር የነበረው መያያዝ ተቆርጧል።

ውስጡም ቢሆን አልዳነም። ከብት ይገባል፣ ቡቃያው ይረገጣል፤ አሮጌው ዝግባ ይቆማል፣ ልጁ ግን አይበቅልም። በየዳሩ ባሕር ዛፍ ይገባል። ምእመኑ የድንጋይ ካብ ክቦ ዙሪያውን በዘጋባቸው አጥቢያዎች ቡቃያ መታየት ጀምሯል፤ ይህ ሥራ ከብዙ ስብሰባ ይበልጣል። ድንጋዩ ከአራሹ ማሳ የተለቀመ ነው፤ ማሳውም ጸዳ፣ ደኑም ታጠረ። እኔ ግን ስለ ደኑ የሚደረገው ንግግር ሁሉ ስለ ውሃ፣ ስለ አፈርና ስለ ንብ ሲሆን፣ አንድ ነገር ሳይጠራ እንደሚቀር ይሰማኛል። ያ ደን የጉባኤው ሁለተኛ ክፍል ነው። አጸዱ የሌለበት ቤተ ክርስቲያን ቅኔ ቤት ይኖረው ይሆናል፤ ቅኔ መቁጠሪያ ግን የለውም። ጥላ የሌለው ተማሪ በኮምፒውተር የታተመ የሰዋስው መጽሐፍ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል። ወይራ ተፈልጦ አይቶ የማያውቅ ልጅ ውስጠ ወይራን በቃሉ ያጠናዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን በእጁ አያውቀውም።

የጉና ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,100 ሜትር ይበልጣል። የገብስና የድንች እርሻ ዓመት ዓመት ወደ ላይ እየተሳበ ነው፤ ጓሳው ለክዳንና ለግጦሽ ይታጨዳል፣ አስታው ለማገዶ ይቆረጣል። ከዚያ በላይ፣ ማረሻ ካልደረሰበት፣ ጅባራ ቆሟል። ጅባራን በቅርብ ያየ ሰው አይረሳውም። ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ዙሪያውን የተደረደረ ነው፤ ከመካከሉ ብዙ ዓመት ምንም አይወጣም። ውርጭ ይመታዋል፣ ፀሐይ ይለበልበዋል፣ ይቆያል። ከዚያ በአንድ ወቅት ከሰው ቁመት የሚበልጥ ዘንግ ይተኩሳል፤ ዘንጉ ከታች እስከ ላይ አበባ ይሆናል። ወፎች ይመጣሉ። ሲያብብ አንድ ጊዜ ነው። ዘሩን ከበተነ በኋላ ይደርቃል፤ ባዶው ግንድ ነፋስ እያፏጨበት ለጥቂት ጊዜ ይቆማል።

አመሻሽ ላይ፣ ከታች፣ ጉሙ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሲመለስ፣ ያ ተማሪ ከጥዶቹ መካከል ይወጣል። ደበሎው ረጥቧል። መምህሩ በመደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌሎቹ ከፊታቸው ተደርድረዋል። ተራው ሲደርስ ራሱን ይገልጣል፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ሁለቱን ቤት ይናገራል። መምህሩ ዝም ይላሉ። ቀጥሎ አንዲት ቃል ለውጠው መልሰው ያሰሙታል፤ ልጁ ከንፈሩን ያነቃንቃል፣ ተቀብሏታል። «ይበል» ይላሉ። ሌሊቱን ከጎጆው ተኝቶ ያድራል፤ ማለዳ፣ የዛሬዋ አትደገምምና፣ ደበሎውን ተከናንቦ ወደ ወይራው ይሄዳል።